«ደካማ ጎንሽስ?»

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ሲዞር ምን እንደሚይዝ እናውቃለን። የዲግሪው ኮፒ፣ ስቱደንት ኮፒው፣ የቀበሌ መታወቂያው፣ ጀርባው ላይ ስም የተጻፈበት ጉርድ ፎቶ። ከእነዚህ ጋር ግን ፋይሉ ውስጥ የማይታይ አንድ ነገር አብሮ ይዞራል፤ ድክመት። የእውነት ድክመቱ አይደለም። ለፈታኝ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ታጥቦ የተተኮሰ፣ የክት ድክመት ነው።

የጽሑፍ ፈተናውን ያለፈ ሰው ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከጠረጴዛ ጀርባ ይቀመጣሉ። «እስቲ ራስሽን አስተዋውቂን» ይባላል። «ይህን ሥራ ለምን መረጥሽ?» ይከተላል። (ሥራ መምረጥ! እኛ ሥራ መርጠን አናውቅም፤ ሥራው ነው የሚመርጠን። ለማንኛውም «ሕዝቤን ለማገልገል» እንላለን።) ከዚያ «ጠንካራ ጎንሽ?» ይመጣል። ለጥቆም «ደካማ ጎንሽስ?»

እኛ ጋዜጠኝነቱንም፣ አካውንቲንጉንም፣ ነርሲንጉንም ተምረን የተመለስን የዋግ ልጆች፣ ለዚህች ጥያቄ የምንሰጣቸውን መልሶች አንድ ቀን ቁጭ ብለን ብንሰበስባቸው ከአምስት አልዘለሉም።

አንደኛው፣ «ሥራዬ ፍጹም ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለው ነው። ከዩቲዩብ የመጣ ነው፤ ሁሉም ይጠቀምበታል። ሁለተኛው፣ «ሥራ ከያዝኩ ምሳ እረሳለሁ» ይላል። በዋግ ምድር ምሳ መርሳት እንደ ትጋት ሲቆጠር አያቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ሦስተኛው፣ «ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልችልም» ነው። ይኼኛው ደግ ሰው ያስመስላል። አራተኛው ደረቱን ነፍቶ «ድክመት የለብኝም» ይላል፤ ፈታኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አምስተኛው ሌላ ቢጨንቀው «ልምድ የለኝም» ይላል። ማስታወቂያው ራሱ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ብሎ ጠርቶት ሲያበቃ!

ታዲያ ተመራቂው ሁሉ ውሸታም ሆኖ ነው? አይመስለንም። ጥያቄውን ነው መመርመር።

በአማርኛ ሥራ ፈላጊ የሚጠየቀውም፣ ጋዜጠኛ ሰው የሚጠይቀውም በአንድ ስም «ቃለ መጠይቅ» ይባላል። እኛ ደግሞ ሁለተኛውን ዓመታት ፈጅተን ተምረነዋል። ከተማርነው አንዱ ይህ ነው፤ እውነቱን የተናገረ ሰው የሚጎዳበትን፣ የዋሸ ሰው የሚጠቀምበትን ጥያቄ ጠይቀህ እውነት አትጠብቅ። ባለሥልጣንን «ሙሰኛ ነህ?» ብሎ የጠየቀ ሪፖርተር «አይደለሁም» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል፤ ዜና አይሆንም። «በዚህ ቀን የተፈረመው ውል ላይ ፊርማው የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ነገር ያገኛል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። «ደካማ ጎንሽስ?» ከስድስቱ የአንዱንም ሥራ አይሠራም።

ሌላም ጣጣ አለ። ድክመትን መናገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ሦስት ት/ቤት ገብተን ተምረነዋል። ሦስቱ ግን የሚያስተምሩት የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ከንስሐ አባት ፊት ነው። እዚያ የሚነገረው በምስጢር ነው፤ የሚነገርለትም ሰው ሊቀጥርህ ወይም ሊያባርርህ አልተቀመጠም። ሁለተኛው ግምገማ ነው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበር። ኢሕአዴግ ከበረሃ ይዞት የገባው ግምገማ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በየመ/ቤቱ ተዘረጋ። በ2009 ዓ.ም. በ«ጥልቅ ተሃድሶ» ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው በየአዳራሹ ተቀምጦ ድክመቱን ሲዘረዝር ሰንብቷል። ከዚያ አዳራሽ ወላጆቻችን ይዘውልን የተመለሱት ትምህርት አንድ ነው፤ በሰው ፊት የተናገርሽው ድክመት ነገ ፋይል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ትንሽ፣ የማትጎዳ፣ ሌላውም ሰው ያለችበት ድክመት ምረጪ።

ሦስተኛው ሪፖርት ነው። የማንኛውንም መ/ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ግለጡ። «የታዩ ጠንካራ ጎኖች» ሁለት ገጽ ይሞላል። «ያጋጠሙ ችግሮች» ሦስት መስመር ነው፤ የበጀት እጥረት፣ የተሽከርካሪ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ። ችግሩ ሁልጊዜ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው እንጂ የቤት ልጅ ሆኖ አያውቅም።

እንግዲህ በንስሐው በምስጢር፣ በግምገማው በፍርሃት፣ በሪፖርቱ በሌላ አሳበን መናገር የተማርነውን ነው ፈታኙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በግልጽ ንገሩኝ የሚለን።

ገበያው ከዚህ ይሻላል። ወደ ሰቆጣ የአበርገሌ ፍየል ሊሸጥ የመጣን ሰው ማንም «የፍየልህ ደካማ ጎን ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። ገዢው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ወገቧን በእጁ ይዳስሳል፣ ትንሽ ያስኬዳታል። ባለ ፍየሉ የሚለውንም ይሰማል፤ ግን በእሱ ብቻ ብር አይከፍልም።

ጥናቱም ከገበያው አይርቅም። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመታት ምርምሮችን ሰብስበው፣ የትኛው የቅጥር ፈተና የወደፊቱን የሥራ ውጤት ይተነብያል የሚለውን አስልተው ነበር። መለኪያው ከ0 እስከ 1 ነው፤ 0 ምንም አይተነብይም፣ 1 አንድም አይስትም ማለት ነው። አመልካቹን ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየት 0.54 አገኘ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቆ፣ መልሱ አስቀድሞ በተዘጋጀ ነጥብ የሚታረምበት ቃለ መጠይቅ 0.51 ሆነ። እንደመጣ የሚጠየቀው ቃለ መጠይቅ ወደ 0.38 ወረደ። የሥራ ልምድ በዓመት ሲቆጠር ስንት ያገኘ ይመስላችኋል? 0.18። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን ፈትሸው ቁጥሮቹ ተጋነዋል ብለው ዝቅ አደረጓቸው። ነገር ግን በእነሱም ስሌት አንደኛ የወጣው ያው በሥርዓት የተዘጋጀው ቃለ መጠይቅ ነው። «5 ዓመት ልምድ» እያላችሁ በር ለምትዘጉብን ሁሉ ይድረስ።

ወደራሳችን እንመለስ። ፊት ለፊት የሚጠየቀው ድክመት አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠየቅ የሚመዘገብብን ድክመት ግን ሌላ ነው።

አንዷ ጓደኛችን ለአንድ ድርጅት የማኅበረሰብ ግንኙነት ሥራ ተወዳድራ ነበር። «ደካማ ጎንሽስ?» ስትባል ገና አፏን ሳትከፍት፣ አንደኛው ፈታኝ እንደ ቀልድ አድርጎ «አማርኛሽ ላይ ኽምጣናው ይሰማል» አላት። ሌሎቹ ሳቁ። ሥራው እኮ ዝቋላ ጽጽቃ ድረስ ወርዶ ከእናቶች ጋር መነጋገር ነው! እነዚያ እናቶች ቤታቸው የሚያወሩት ኽምጣናውን ነው። በዋግ ኽምራ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚማሩበት፣ የብሔረሰብ አስተዳደሩ የቆመለት ቋንቋ ሰቆጣ ላይ፣ ያውም ከሰው ጋር ለሚያገናኝ ሥራ፣ ድክመት ተብሎ ተመዘገበ። ድክመት ብቻውን የሚቆም ነገር አይደለም፤ «ለምን ሥራ?» የሚል ጥያቄ ካልተከተለው ትርጉም የለውም።

እኛ ሴቶቹ ደግሞ ተጨማሪ አለን። «ፊልድ ትወጪያለሽ? ሰሀላ ሙቀቱን ትችይዋለሽ? ለማግባት አስበሻል?» ወንድሞቻችን ይህን አይጠየቁም። የጠየቁን ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ አንዳንዶቹ «እኅቴ» እያሉ ነው የሚጠይቁን። ግን መልሱ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ እናውቃለን። ስለዚህ የክት ድክመታችንን እናወጣና «ሥራ ከያዝኩ ምሳ እረሳለሁ» እንላለን።

አሁን ሰቆጣ ራሷ ወደ ቃለ መጠይቅ ገባች እንበል።

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ስለ ከተማችን ቢጠየቅ ምን ያውቃል? በቋጥኝ ውስጥ የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን? የዋግሹሞችን? ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1868 እስከ 1871 (እ.ኤ.አ.) መንገሣቸውን? ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ እንደነበረች? ማሯን? እምብዛም ነው። የሚያውቀው 1977ን ነው። ረኀብን። አሁን አሁን ደግሞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»ን።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፉ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ሲካሄድ መንግሥት አንድ ቃል ገባ። እስከ 2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2030) ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ማጥፋት። ቃሉን በከተማችን ስም ጠራው። በየሆቴሉ ስብሰባ ስሟ ከመቀንጨር ጋር ሲጠራ ውስጣችን ቅር ይለዋል። ከአገሩ ከተማ ሁሉ «ደካማ ጎን» ለሚለው ሣጥን የእኛ ስም ተመረጠ ማለት ነዋ!

ረጋ ብለን ስናየው ግን የአገሪቱ ጥሩ መልስ ይህ ሳይሆን አይቀርም። የበጀት እጥረት አላለም፤ ድክመቱን በስሙ ጠራው። ለካው፤ የሕፃኑ ቁመት ከዕድሜው ጋር ይለካል፣ ከመስፈርቱ ካነሰ ተቆጠረ ማለት ነው። ቀንም ቆረጠለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቀንጨር የሕፃኑ ጥፋት እንዳልሆነ ከስምምነት ተደርሷል። ምክንያቱ የሚፈለገው በምግቡ፣ በውኃው፣ በመጸዳጃ ቤቱ፣ በእናቱ ጤና፣ ያለ ዕድሜዋ በመዳሯ ውስጥ ነው። ማንም ሕፃኑን «ለምን አጠርክ?» ብሎ አይገመግመውም።

ተሳክቷል ወይ? የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች እንደሚሉት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2000 የቀነጨሩት 58 በመቶ ነበሩ። በ2016 ወደ 38 በመቶ ወረዱ። በዚያ ዓመት አማራ ክልል ውስጥ 46 በመቶ ነበር። በ2019 አገራዊው ቁጥር 37 ላይ ነው። ከ38 ወደ 37። ከዚያ ወዲህ በዋግ ጦርነት አልፏል፣ በ2016 ዓ.ም. ሰሀላና አካባቢውን ድርቅ መትቷል። ድክመትን በስሙ መጥራት ብቻውን አያድንም። መዘግየታችንን እንኳ ማወቅ የቻልነው ግን ስለተለካና ቀን ስለተቆረጠለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በሽታውን የተናገረም ቢሆን የቀጠሮ ቀን ካልያዘ ያው ነው።

ለቀጣዩ ቃለ መጠይቅ እኛ ለእኛ የተመካከርነውም ይህንኑ ነው። ለሥራው የሚያስፈልግ፣ ግን ገና ያልያዝሽውን አንድ ነገር በስሙ ጥሪው። «ቪዲዮ ማቀናበር አልችልም»። ከዚያ ለኪው። «ሦስት ደቂቃ ዜና ለማቀናበር ሙሉ ቀን ይፈጅብኛል»። ከዚያ ቀን ቁረጪለት። «በየቅዳሜው ከሚያውቅ ሰው ጋር እየሠራሁ ነው፤ እስከ ፋሲካ ግማሽ ቀን ላደርሰው»። ይኸው ነው። ሥራውን ያስገኛል ብለን ማንንም አናታልልም። አንዷ እንዲህ መልሳ አልተቀጠረችም፤ ለምን እንዳልተቀጠረችም የነገራት የለም። ቢሆንም ከዚያ ክፍል ስትወጣ የወጣችው ራሷ እንጂ ሌላ ሰው አልነበረችም። ቪዲዮውንም አሁን ታቀናብራለች።

ሴትነትን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋን፣ «0 ዓመት»ን ግን በድክመት ዝርዝር ውስጥ አናስገባም። እነሱ ቁመታችን ናቸው፤ ጥፋታችን አይደሉም።

ለፈታኞቻችንም ምክር አለን። «ደካማ ጎንሽስ?» ከማለት «አንድ ያቃተሽን ሥራ ንገሪን፤ ከዚያ ምን አደረግሽ?» በሉን። ለሁላችንም እኩል ጠይቁን፣ ነጥቡን አስቀድማችሁ አዘጋጁት። ከተቻለም አንድ ዜና አጽፉን፣ አንድ ሒሳብ አሠሩን። እንደ ፍየሏ ትንሽ አስኪዱን።

ደግሞም ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ሁልጊዜ «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» ትሉናላችሁ። እስከዛሬ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብለን ነው የምንወጣው። ከእንግዲህ ግን አንድ ጥያቄ አለን፤ የመ/ቤታችሁ ደካማ ጎን ምንድን ነው?

የበጀት እጥረት እንዳትሉን ብቻ።