ከልጆች ጋራ ወደ ደረስጌ ማርያም

በሌላው ዓለም ለቀልድ ሥዕል ሠሪዎች ቤተ መዘክር ይሠራላቸዋል። በአሜሪካ ሳንታ ሮዛ በምትባል ከተማ ለቻርልስ ሹልዝ፣ በቤልጅግ አገርም ኤርዤ ለተባለው ሠዓሊ፣ የመጀመሪያው በ2002 ሁለተኛው በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር የመታሰቢያ ቤት ተከፍቶላቸው፣ ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ ይጎበኙታል። በእኛ በስሜን እንዲህ ያለ ቤት ባይኖርም፣ የሥዕልን ኃይል ለልጅ ለማሳየት የሚበቃ ስፍራ አለን፤ እርሱም ደረስጌ ማርያም ነው።

ወደዚያ እንድንሄድ ያደረገን በቤቴ የደረሰ ነገር ነው። እኔ በዳባት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ የደብተሩን ኅዳግ ሁሉ በፌዝ ሥዕል ይሞላዋል። አንድ ቀንም የእኔኑ መልክ፣ መነጽሬ ወደ አፍንጫዬ ጫፍ ወርዶ፣ አንገቴ በመዝገብ ክምር መካከል ተቀብሮ ሥሎት አገኘሁ። ጎረቤት አይቶ ስቆ ነበርና ተቆጥቼ ወረቀቱን ቀደድሁት። ልጁ አላለቀሰም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥዕል ብሎ እርሳስ አላነሣም፤ እኔንም ለጠየቅሁት ከመመለስ በቀር አያነጋግረኝም ነበር። ባለቤቴ ይህን ስታይ ሰንብታ «የቀደድኸው ወረቀቱን ብቻ መሰለህ?» አለችኝ። እኔም መልስ አጣሁ።

የባለቤቴ አክስት በጃናሞራ መካነ ብርሃን ስለሚኖሩ፣ እርሳቸውን እንጠይቅ፣ በዚያውም ደረስጌን እንሳለም ብለን ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለዳ ከዳባት ተነሣን። በደባርቅ ቁርስ በልተን፣ በ1962 ዓ.ም. የተከለለውን የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እያቋረጥን በሳንቃበር በኩል ወደ ጨነቅ ወጣን። ጭላዳዎች በገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ትንሿ ልጄ አይታ ሳቀች፤ ወንድሟ ግን ዝም ብሎ ያይ ነበር። ጣቶቹ በጉልበቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ ያለ እርሳስ ይሥል ነበር። ከዚያም ጅብራ የበቀለበትን ብርዳም ተዳፋት ይዘን፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂትን በር አልፈን ወደ ጃናሞራ ወረድን። አክስታችንም እግራችንን አሳጥበው፣ ራት አብልተው በክብር አሳደሩን።

በማግሥቱ እሑድ ደረስጌ ደርሰን፣ ጫማችንን አውልቀን ቅዳሴ አስቀደስን። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት የስሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። የሕንጻውን ሥራ የመራው ሺምፐር የሚባለው የጀርመን ዕፀዋት ተመራማሪ ነበር። በዚያ ዘመን ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊም በደጃዝማች ውቤ ዘንድ ነበረ፤ ያየውን ሰውና አገር ይነድፍ ነበር። ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ለራሳቸው ንግሥ አሰናድተው ነበር ይባላል። ነገር ግን የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በዚያው በደረስጌ ተዋግተው ተማረኩ፤ በ5ኛው ቀን የካቲትም ድል ያደረጉት ካሣ በውቤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ዛንደርም ከዚያ በኋላ የአዲሱ ንጉሥ አገልጋይ ሆነ።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ የግድግዳውን ሥዕል አንድ በአንድ አሳዩን። ልጄ ጌታችንን ከሚያንገላቱት ሰዎች ፊት ቆሞ ብዙ ተመለከተ፤ ከዚያም ዝምታውን ትቶ «አባ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ ምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?» ብሎ ጠየቀ።

ቄሰ ገበዙም «ልጄ፣ የአገራችን ሠዓሊ ቅዱሱንና ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሥለዋል። ከሐዲውንና ጨካኙን ግን በጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሥለዋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ደግ ማን ክፉ እንደ ሆነ በዚህ ይለያል» አሉት።

ልጁ ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ በቀስታ «አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን በሁለት ዓይን ነበር የሣልሁዎት» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ወረቀቱ በዓይነ ልቡናዬ ታየኝ። ፊቴ ወደ ፊት ነበር፤ ከመነጽሩ በላይም ሁለት የደከሙ ዓይኖች ነበሩበት። ልጄ የሣለው ማታ ማታ ሥራዬን ወደ ቤት ይዤ ስመጣ የሚያየውን አባቱን ነው። እኔ ግን የጎረቤትን ሳቅ ሰምቼ ሥዕሉን ሳልመረምር ፈረድሁ። በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ሳይሰማ መዝገብ ሲዘጋ ባይ አዝን ነበር፤ በቤቴ ግን ይህንኑ አደረግሁ። በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «ልጄ፣ በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ» አልሁት። አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ዘንድ ያልተለመደ ስለ ሆነ አፈረና እጄን ስሞ ሸሸ።

ስንመለስ ጨነቅ ላይ መኪናው ሲቆም የራሴን ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ሰጠሁት። እስከ ደባርቅ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ሲሥል ቆየ። ዳባት ገብተን በመብራት ብናየው፣ በገደል አፋፍ የተቀመጠ ትልቅ ጭላዳ ነው፤ በአፍንጫው ጫፍ የእኔን መነጽር አድርጎ መዝገብ ይገልጣል። ባለቤቴ እስኪያማት ሳቀች። እኔም አስቀድሜ ዓይኖቹን ቆጠርሁ፤ ሁለት ነበሩ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ በደብተሩ ኅዳግ መልካችሁን ሥሎ ብታገኙት፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ሥዕሉን መርምሩት። ቢቻላችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደረስጌን ተሳለሙ፤ የአባቶቻችን ሠዓልያን በግድግዳ ላይ የጻፉትን ፍርድ በዓይናቸው ያነብባሉና።