አየር የጫነ ባጃጅ

በከተማችን በመቻራ ድምፁን አጥፍቶ የሚያልፍ ባጃጅ ካያችሁ፣ ወይ ባለቤቱ ለቅሶ ላይ ነው ወይ ባትሪው ሞቷል። ሌላው ሁሉ ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ፣ የቡና ጆንያና የጫት እስር መግባት በነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ሞኬት የለበሰ የስፒከር ሳጥን ጭኗል። ሳጥኑ ውስጥ ከአየር በቀር ምንም የለም። ባለቤቱ ያንን አየር ከጠዋት እስከ ማታ ይዞ ሲዞር ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሂሳብ ለሚያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባ ንግድ ነው።

«አቦ ልጄ፣ ይኼን አውጥተህ የኔን ጆንያ ብትጭንበት ምናለ?» አሉት አንዲት እናት ሾፌሩን።

«አዴ፣ ይኼ ባይኖር መምጣቴን በምን ታውቂ ነበር?» (በኛ አገር አንቺታ ንቀት አይደለም።)

ስፒከርን ያለ ሳጥን ከባትሪ ጋር ያገናኘ ሰው ነገሩን ወዲያው ይደርስበታል። የስፒከሩ ወረቀት ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ ከኋላው ያለውን ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ድምፅ ጠርዙን ዞረው ይገናኙና ይጠፋፋሉ። ቀጭኑ ድምፅ ያመልጣል፣ ቤዙ ይሞታል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ሁለት ባጃጅ ቢደረደር አይደርስበትም። እንዲህ ያለውን ድምፅ የስፒከር ጠርዝ አያግደውም። ስለዚህ የኋላውን መዝጋት ነው።

አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራው የሠፈራችን አናጢ ይህን ማንም አላስተማረውም። የተረፈ ኮምፔንሳቶ ይቆርጣል፣ መጋጠሚያውን በኮላ በለወሰው ሰጋቱራ ይደፍናል፣ ስፒከሩ ሲመታ መዳፉን በየጠርዙ ያስኬዳል፤ ነፋስ ከነካው እንደገና ይደፍናል። ያን ሁሉ ደፍኖ ሲያበቃ ደግሞ ፊት ለፊቱን ቀዳዳ ይበሳና ቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ይሰካበታል። ለምን ብለው፣ «መተንፈሻ ነዋ! ቧንቧው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል» አለኝ።

መተንፈሻው ባለቤት አለው። የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ በፈረንጅ 1930 ለፈጠራ መብቱ አመልክቶ በ1932 አገኘ። 1930 ሥራ የበዛበት ዓመት ነበር፤ የጋልቪን ወንድማማቾች ሞቶሮላ ያሉትን የመኪና ሬዲዮ ያወጡትም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑትም ያኔ ነው። ከቱራስ በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ጠባብ የሆነ ዕቃ ለምን አንድ ድምፅ መርጦ እንደሚያስተጋባ አስልቶታል። ባዶ ጀበና አፉ ላይ እፍ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ውሃ ስትጨምርበት ድምፁ ይቀጥናል፣ ሳጥኑ ሲጠብም እንዲሁ። በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ቀዳዳውን ጨርሶ ደፍኖ፣ የታፈነውን አየር የስፒከሩ ሞላ አደረገውና ሳጥኑን አሳነሰው። ትንሽ ሳጥን ግን መቻራ ላይ ገበያ የለውም።

በስፋት ከሆነ ደግሞ የአካባቢያችንን ትልቁን ሳጥን አናጢ አልሠራውም። መቻራ አቅራቢያ ባሉት ዋሻዎች ውስጥ ተመራማሪዎች የጥንቱን ዝናብ ታሪክ ጠብታ ከሠራው ድንጋይ ላይ ያነባሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼን የሚያክል ሳጥን የሚችል ስፒከር ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ለአናጢው ስነግረው አልሳቀም፤ የአፉን ስፋት ጠየቀኝ።

በሩ የተዘጋ መኪና ውስጥ ቤዝ ይጠናከራል፣ ጠባቡ ክፍል ራሱ ያግዘዋል። ባጃጅ ግን ምን በር አለው? ገንዘቡን ባለቤቱ ያወጣል፣ ሙዚቃውን መንገደኛው ይሰማል። የድሬዳዋው አሊ ቢራ ዑዱን ይዞ ሲዘፍን (ዑዱም ቢሆን ሆዱ ባዶ እንጨት ነው) ዜማው እስከ ባለሱቁ ይደርሳል፤ ለተሳፋሪው የሚተርፈው ወገቡን የሚደበድበው ቤዝ ነው።

ሰሞኑን አንዱ ከሁሉም የሚበልጥ ሳጥን አዝዟል። አናጢው ሜትሩን ዘርግቶ ለካና ወንበሩ ካልተቆረጠ አይገባም አለው።

«ሦስተኛው ሰው የት ይቀመጣል?»

«እሱ ከውጭ ይሰማል፤ አቦ፣ አንተ ቁረጥ!»