ስንቁን የተሸከመው ማን ነው?

ሰው ሁሉ የገዛ ሕይወቱን ታሪክ ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያውቀውን አሳምሮ መጻፍ የሚችል ጥቂት ነው። አንዱ ብዙ አይቶ ብዙም ሠርቶ ሳለ ብዕር ሲጨብጥ ቃል ይጠፋዋል። ሌላው አንደበቱ የተባ ቢሆንም ዓይኑ ደክሟል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። እንደዚህ ያሉ ሰዎች ታሪካቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ሲሉ የሌላ ሰው እጅ ይዋሳሉ። የእኔም ሥራ ይኸው ነው። እነርሱ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ መጽሐፉ ሲታተም በሽፋኑ ላይ የሚወጣው የባለታሪኩ ስም እንጂ የእኔ አይደለም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስትሰማ «ሌላ ሰው በጻፈው መጽሐፍ ላይ ስምን ማኖር ማታለል አይደለምን?» ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን ከጥንት እንጀምር።

ነቢዩ ኤርምያስ የተናገረውን ቃል በክርታስ ላይ ያሰፈረው የኔርያ ልጅ ባሮክ ነበረ። ንጉሡ ኢዮአቄም ክርታሱን በካራ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜ፣ ሁለቱ እንደ ገና ተቀምጠው አንዱ እየተናገረ አንዱ እየጻፈ ሌላ ክርታስ አዘጋጁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት የጻፈለት ጤርጥዮስ ይባላል፤ ይህም ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ስሙን ጠርቶ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ዝም ይላል። በአገራችንም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የንጉሡን አዲስ ሃይማኖት አልቀበልም ብላ የተሰደደችው ወለተ ጴጥሮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1642 ካረፈች በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን የጻፈው ከሚያውቋት ሰዎች አፍ እየሰማ ነው። እነዚያ መነኮሳትና መነኮሳይያት ባይነግሩት እርሱ የሚጽፈው ባልኖረውም፤ እርሱም ባይጽፍ የእነርሱ ትዝታ ከእነርሱ ጋር በጠፋ ነበር።

እንግዲህ እጅ መዋስ ነውር አይደለም። ነውሩ የሚመጣው ብድሩ ሲካድ ነው። ለዚህ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጆን ኬኔዲ ገና ሴናተር ሳሉ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956፣ ስለ ስምንት የአሜሪካ ሴናተሮች ቆራጥነት የሚተርክ መጽሐፍ በስማቸው ታተመ፤ በሚከተለውም ዓመት የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። መጽሐፉን የጻፈው ሌላ ነው የሚል ሐሜት ብዙ ዘመን ሲነገር ቆየ። በኋላም ረዳታቸው የነበሩት ቴድ ሶረንሰን በ2008 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው የአብዛኞቹን ምዕራፎች የመጀመሪያ ረቂቅ ያዘጋጁት እርሳቸው እንደ ነበሩ ገለጡ። ኬኔዲ በመቅድማቸው ረዳታቸውን አመስግነዋል፤ ዳሩ ግን ምስጋናው ከሥራው ያነሰ ስለ ነበረ ሐሜቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ሥራዬ ጥቂት ልንገርህ። ከሁሉ አስቀድሞ ከባለታሪኩ ጋራ ውል እንዋዋላለን። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተገናኘን እርሱ ሲናገር እኔ ድምፁን በስልኬ እቀርጻለሁ። አንድ ሰዓት የተነገረውን ቃል በጽሑፍ ለመገልበጥ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። ሽማግሌ ደግሞ ዘመኑን የሚቆጥረው በደረሰበት ነገር እንጂ በዓመተ ምሕረት አይደለም። «እድገት በኅብረት ዘመቻ የሄድን ጊዜ» ካለኝ 1967 ዓ.ም. እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ካለኝም ሌላ ማስረጃ አልሻም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰውየውን አነጋገር መጠበቅ ነው። የጎጃሙን ገበሬ ልጅ እንደ ጋዜጣ ብናገርበት መጽሐፉን የሚያነቡት የልጅ ልጆቹ «ይህስ አያታችን አይደሉም» ይላሉና።

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ሰው ታሪኩን ሲጀምር ብቻውን ተወልዶ ብቻውን ያደገ ይመስል «ተማርሁ፣ ሠራሁ፣ ደከምሁ፣ አገኘሁ» እያለ ይተርካል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ በትዕቢት አይደለም። የሮጠ ሰው የሚያስታውሰው የገዛ ትንፋሹን ነው፤ በመንገድ ዳር ውኃ ያቀበለውን ሰው ፊት ለማየት ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ የእኔ ሥራ ከመጻፍ ይልቅ መጠየቅ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ጡረተኛ ታሪካቸውን እንድጽፍላቸው ቀጠሩኝ። በ1950ዎቹ ዓመታት ከገጠር መንደራቸው ወደ ከተማ ወርደው፣ የሚኒስትሪ ፈተና አልፈው፣ በመንግሥት ሥራ እስከ ከፍተኛ ሹመት የደረሱ የተከበሩ ሰው ናቸው። በመጽሐፋቸው መግቢያ እንዲገባ አጥብቀው የፈለጉት ቃል፣ ማንም ሳይረዳቸው በገዛ ጥረታቸው እንደ ተማሩና የወላጆቻቸውንም ቤት በገንዘባቸው እንደ ሠሩ የሚናገር ነበር።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ተማሪ ቤት ሳሉ ምን ይበሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሳቁና «ድርቆሽ ነዋ! ድርቆሽና በሶ። የገጠር ተማሪ ሌላ ምን ይበላል?» አሉኝ።

«ድርቆሹን ማን ያመጣልዎት ነበር?»

ሳቃቸው ቆመ። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው ታላቅ እኅታቸው እንደ ነበረች ነገሩኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቁን በጀርባዋ አዝላ፣ ሌሊት ተነሥታ፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዛ ታደርስላቸው ነበር። እርስዋ ራስዋ የተማሪ ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። እርሳቸው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱም እርስዋ መንደር ቀርታ እናታቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ጦረች። በእርግጥ የቤቱን ቆርቆሮ የገዙት እርሳቸው ናቸው። አሁን ግን በዚያ ቤት ምክንያት ወንድምና እኅት ተጣልተው በሽማግሌ ፊት እየተካሰሱ ነበር።

ያን ጊዜ መግቢያው ለምን እንደዚያ እንዲጻፍ እንደ ፈለጉ ገባኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኅቲቱን ከታሪኩ ማውጣት ከቤቱም ለማውጣት ምስክር ማቆም ነበር። ምስክሩም የተጻፈው በእኔ እጅ ይሆን ነበር። እርስዋ ፊደል ስለማታውቅ መልስ የምትጽፍበት መጽሐፍ የላትም።

እኔም ያን ቃል እንደማልጽፈው በትሕትና ነገርኋቸው። እጅግ ተቆጡ። «ልጄ፣ የምትጽፈው የማንን ታሪክ ነው? የእኔን ነው ወይስ የእኅቴን?» አሉኝ።

«የእርስዎን ነው ጋሼ፤ ነገር ግን እኅትዎ ያሉበትን የእርስዎን ታሪክ ነው። እርስዋን የሚያስወጣ ጸሐፊ ከፈለጉ የተቀበልሁትን ቀብድ እመልሳለሁ» አልኋቸው። ቀብዱ ለቤት ኪራይ ወጥቶ ስለ ነበረ ይህን ስናገር ልቤ አልጸናም ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አሉ። በአራተኛው ሳምንት ደውለው «ና፣ ስለ ድርቆሹ እንጻፍ» አሉኝ። ስለ ቤቱ ግን በመጽሐፉ ውስጥ አንዳች ቃል እንዳይኖር ተስማማን፤ የእርሱ ነገር በሽማግሌዎቹ እጅ ቀረ። መጽሐፉ ሲታተም የልጅ ልጅዋ ስለ ስንቁ የተጻፈውን ምዕራፍ አነበበላት። ሰምታ ስትጨርስ «በሶውንም የፈጨሁት እኔ ነኝ፤ እሱን ረስቶታል» አለች አሉ። ደግሞም እንደ ገና እንዲነበብላት ጠየቀች።

ወንድምና እኅት ታርቀዋል ብዬ ልነግርህ አልችልም። መጽሐፍ ሽማግሌ አይደለም። ነገር ግን የልጅ ልጆቻቸው በሚያነቡት ገጽ ላይ ያች ሴት ስንቋን አዝላ በመንገድ ላይ አለች፤ ከዚያ የሚያወጣት የለም።

ምናልባት «አንተስ ስምህ ሳይጻፍ ቀርቶ የለምን? ስለ ምን ለራስህ አትከራከርም?» ትለኝ ይሆናል። በእኔና በእርስዋ መካከል ልዩነት አለ። እኔ ዋጋዬን ተቀብዬ ስሜን በፈቃዴ ትቻለሁ፤ ይህም በውል ላይ ተፈርሟል። ስንቅ ተሸካሚዋ ግን ዋጋም አልተቀበለችም፣ ስሟንም እንድትተው የጠየቃት የለም። በስምምነት የተሰወረ ስምና በመረሳት የጠፋ ስም አንድ አይደሉም። ስለዚህ የምጽፍለት ሰው ስሜን ቢያነሣ ደስ ይለኛል፣ ባያነሣም አልከፋም፤ የረዱትን ሰዎች ስም እንዲያስቀር ግን እጄን አላውሰውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞታል የሚባለውን ሕይወት ቀረብ ብለህ ብትመረምረው ሃምሳ እጅ ታገኝበታለህ። አንዱ ገንዘብ አበድሯል፣ አንዱ በታመመ ጊዜ አስታሟል፣ አንዲቱ ሌላው እንዲማር እርስዋ ቤት ቀርታለች። ይህን መናገር የባለታሪኩን ክብር አይቀንስም። ስንቅ የመጣለት ተማሪ ሁሉ አልተማረም፤ የተማረው ሰው ድካሙ የራሱ ነው። ዳሩ ግን ስንቁ ባይመጣ ድካሙ ብቻውን ከፈተናው ቀን አያደርሰውም ነበር።

አንተም የወላጅህን ወይም የአያትህን ታሪክ ለመጻፍ የእኔን ዓይነት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግህም። ደብተርና ስልክ ይበቃሃል። በቶሎ ግን ጀምር፤ ትዝታ ከሰውነት ቀድሞ ይደክማልና። በዚህ ዓመት ስም የሚጠሩት አያት በሚመጣው ዓመት ፊት ብቻ ያስታውሱ ይሆናል። ሲነግሩህ አትቸኩል፣ ንግግራቸውንም አታርም። «ምን ሠሩ?» ብለህ ከጠየቅህ በኋላ «ያን ጊዜ አብሮዎት ማን ነበረ? ማን አበሰለ? ማን ቤት ቀረ? የትራንስፖርቱንስ ማን ከፈለ?» ብለህ ጨምር። የተጠራውን ስም ሁሉ ከነአባቱ ጻፈው። በሕይወት ያለ ሰው ቢሆን ሄደህ አንብብለት፤ የተረሳውን በሶ የሚያስታውስህ እርሱ ነው።