ላሊበላን በየትኛው ካሜራ?

ወደ ላሊበላ ለመሄድ ሲዘጋጁ ከጋቢውና ከምቹ ጫማው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ የካሜራ ነው። ለጀማሪ የተሠራው ይበቃል ወይስ ባለሙያዎች የሚይዙት ይሻላል? በማርኬቲንግ ሥራዬ እንደማውቀው ቁጥር ለመሸጥ ይቀላል፤ ስለዚህ ሻጩ ቀድሞ የሚነግርዎት የሜጋፒክሰሉን ብዛት ነው። እርስዎ ግን የሚሄዱበትን ቦታ ያስቡ።

ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ብርሃን ሞልቷል። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለው መስቀል ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል። እዚህ ባለ 24.1 ሜጋፒክሰሉ ጀማሪ ካነን 2000ዲ እና ባለ 30.4ቱ 5ዲ ማርክ 4 ያነሷቸውን ፎቶዎች በቤተሰብ አልበም ውስጥ መለየት ይከብዳል።

ቤተ መድኃኔ ዓለም ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው። ፍላሽ ደግሞ የሚጸልዩትን ይረብሻል። የ5ዲ ማርክ 4 ሴንሰር ከጀማሪው በስፋት ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚበልጥ ጨለማውን በደንብ ይቋቋማል፤ ዋጋው ግን የቤተሰብ በጀት ያናጋል።

መሃል መንገድ አለ። ለጀማሪው ካሜራ ባለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይግዙለት። አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሌንስ ወደ 55 ሲቀርብ እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ይከፈታል፤ ይህኛው ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። እይታው ጠባብ ስለሆነ አዳራሹን ሙሉ አይዝልዎትም፤ በመስኮቱ ብርሃን ያለ ፊትን ግን አሳምሮ ይይዛል። ፈቃድ መጠየቅ አይርሱ። ወደፊት 5ዲ ቢገዙም ይህ ሌንስ ያገለግልዎታል፤ የጀማሪው 18-55 ግን አይገጥምለትም።

ክብደቱንም ያስቡ። ያለ ሌንስ ጀማሪው 475 ግራም፣ 5ዲው 890 ግራም ነው። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ልጅ አዝለው በዋሻና በደረጃ ሲመላለሱ ልዩነቱ ትከሻዎ ላይ ይታወቃል።

ሠርግ እየቀረጹ ገቢ የሚያገኙ ወይም ትልልቅ ፎቶ የሚያሳትሙ ከሆነ ትልቁ ካሜራ ወጪውን ይመልሳል። ለቤተሰብ ትዝታ ከሆነ ግን ጀማሪውን ከጥሩ ሌንስ ጋር ይያዙ። በተረፈው ገንዘብ ለእናትዎ ትኬት ይቁረጡላቸው። በገና ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ከየትኛውም ካሜራ ይልቅ ለፎቶው የሚያስፈልገው የእርሳቸው እዚያ መገኘት ነው።