ከመኪናው አጠገብ እደሪ

ይድረስ ለልጄ፣

እኛ ወልድያ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ባለፈው ስትደውዪ እናትሽ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ የጋቢና የብርድ ልብስ ነገር ስታወራ ካርዱ አለቀ፤ የጠየቅሽኝ ሳይመለስ ቀረ። በስልክ የሚያልቅም አልነበረም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሾፌር ሰጥቼልሻለሁ። አብሮት ያለው በርበሬና ማር ለአክስትሽ ነው፤ እንዳትፈቺው።

ክረምቱን አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተሽ ልታነቢ ነው፤ የት ልረፍ ነው ጥያቄሽ። ጓደኛሽ ቦሌ አለችሽ። እናትሽ "አክስቷ እያለች ፔንሲዮን ምን ሊባል ነው?" ትላለች። አንቺ ደግሞ ስልክሽ ላይ ያየሽው ክፍል ሁሉ ፎቶው ያምርሻል። እኔ ዕድሜዬን መሪ ስይዝ ኖሬ ከተማዋን የማውቃት በበሮቿ በኩል ነው። ያማረውን ሰፈር ሌላ ሰው ያሳይሽ፤ እኔ የምነግርሽ ከየት ተነሥተሽ የት በሰዓቱ እንደምትደርሺ ነው።

በእኛ ጊዜ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚነሣው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ዙሪያ የነበሩትን አልጋ ቤቶች ማንም ወዷቸው አልነበረም የሚሞላቸው፤ ግድግዳቸው ስስ፣ ቁንጫቸው ብዙ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ በር ላይ መገኘት ያለበት መንገደኛ ግን ከተማው ማዶ ዘመዱ ቤት ተኝቶ ሊደርስ አይችልም ነበር። በዚያ ሰዓት ታክሲ አልነበረም፣ የተቃጠለ ቲኬትም አይመለስም ነበር። እኛ ሾፌሮችና ረዳቶችም እዚያው ነበር የምናድረው። "ከመኪናህ አጠገብ እደር" ይሉን ነበር የቀደሙን። አንቺን ጠዋት ጠዋት ቆሞ የሚጠብቅሽ መኪና ስድስት ኪሎ ነው። ሌላው የምነግርሽ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ካርታ አይተሽ "ቅርብ ነው" እንዳትዪ። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ራስጌዋ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቃሊቲን አልፈሽ አቃቂ ስትደርሺ ወደ 2,100 ገደማ ወርደሻል። ከላይ የሚመጣው ውሃ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተ ይቅጡ፣ ቁርጡሜ እየተባለ ከተማዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሰነጥቃታል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየጉብታው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሣ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የምንላቸው የዚያ አሰፋፈር ትራፊዎች ናቸው። በሁለት ጉብታ መካከል ሸለቆ አለ፤ ሸለቆውን የሚያሻግረው ድልድይ ደግሞ ጥቂት ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ቁጭ ብለው የሚተያዩ ናቸው፤ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ መኪና ሲጠረቀም ግን ወርዶ በእግሩ የሄደው ይቀድምሻል። እኔ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄደውን መንገድ አምነዋለሁ፤ ከጎን ወደ ጎን የሚሻገረውን ግን ሁልጊዜ እጠረጥረዋለሁ። ክረምት ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ ወያላ መጣራቱን ይተዋል፤ ታክሲውን እያባረርሽ የምትሮጪው አንቺ ነሽ።

ባቡሩም አያታልልሽ። ከመስከረም 2008 ጀምሮ ሲሄድ የኖረ ነው፤ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ሰሜን። ስድስት ኪሎ የሚደርስ ግን የለም። "ለባቡር ቅርብ" ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ለአንቺ ምንም አይፈይድልሽም።

ቦሌን አልጠላም። ሌሊት አውሮፕላን የሚይዝ፣ ወይም ጉዳዩ እዚያው የሆነ ሰው ሌላ ቦታ ማደሩ ሞኝነት ነው። አንቺ ግን ከዚያ ስድስት ኪሎ ለመድረስ በጠዋቱ ግርግር ግማሽ ከተማ ሽቅብ ልትወጪ ነው፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ልትወርጂ። አልጋው ደኅና፣ ዋጋው ውድ፣ ዘፈኑ እስኪነጋ። ደላላ "ቦሌ ነው" ሲልሽም የትኛው ቦሌ ብለሽ ጠይቂ። ቦሌ መድኃኔዓለም ሌላ ነው፣ ቦሌ ሚካኤል ሌላ ነው፣ ቦሌ ቡልቡላ ሌላ ነው። ቦሌ አራብሳ ስሙ ቦሌ ይሁን እንጂ ከተማው ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። በርካሽ ቦሌ አገኘሁ ብሎ ጓዙን አራብሳ ያራገፈ እንግዳ አይታጣም።

ድሮ ቢሆን ፒያሳ ብዬሽ ደብዳቤውን በጨረስኩ ነበር፤ ርካሽ አልጋው፣ ኬክ ቤቱ፣ መጽሐፍ አዟሪው፣ ሁሉም በእግር። በ2016 ግን ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው ሰፈር ፈረሰ፤ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው አምሯል፣ መብራቱ ደምቋል። እኔ ሴት ልጄን ብቻዋን ስሰድ የምጠይቀው ግን መብራቱን አይደለም፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ ወይ ብዬ ነው። ባለሱቅ፣ ጉልት የምትሸጥ እናት፣ ዘበኛ የሌለበት ደማቅ ጎዳና ያስፈራኛል። ስለዚህ ስለ አዲስ አበባ ሰፈር የሚመክርሽን ሰው ሁሉ፣ እኔን ጨምረሽ፣ መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው በይው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልን ግን ሄደሽ እዪው፤ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ በጥር 2007 እሳት ጎድቶታል። ቡናሽን ጠጪና ለማደር ወደ ሰፈርሽ ተመለሺ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ የአክስትሽ ቤት።

አክስትሽ ዕጣ ወጥቶላት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባች በኋላ ቤቷ ለከተማው መሐል የራቀ፣ ለእኛ አገር መንገድ ግን የቀረበ ሆኗል። ከደሴ ስትመጪ ላምበረት ከመድረስሽ በፊት በካራ በኩል ታልፊያለሽ፤ እሷ ያለችው ወደዚያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት፣ ከፈለግሽም ሁለቱን፣ እሷ ቤት እደሪ። በርበሬውንና ማሩን በእጅሽ ስጫት፣ ቡናዋን ሦስተኛው ድረስ ጠጪ፣ ፎቶዎቹን ሁሉ እዪ። ክረምቱን በሙሉ እዚያ መክረም ግን አልመክርሽም። ከዚያ መገናኛ ወርደሽ፣ ሰልፍ ይዘሽ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል በቀበና አድርገሽ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት አንቺ ገና ሰልፍ ላይ ነሽ፤ እሷም አንቺ እስክትገቢ ራቷን ሳትበላ ትጠብቃለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት አንድ ሰው ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ላታይው ትችያለሽ፤ እሷም አትነግርሽም። ሌሊት ተነሥታ ጀሪካኑን ትሞላለች እንጂ።

ዘመድ ቤት ማረፍን እንደ ነፃ ማደሪያ የሚቆጥር ሰው ደስ አይለኝም። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቷ መኝታዋን ትለቃለች፣ ልጆቹ መሬት ይነጠፍላቸዋል፣ በግ ባይታረድ ዶሮ ይታረዳል። ሁለት ቀን ሲሆን ክብር ነው፤ ሁለት ወር ሲሆን ዕዳ ነው፣ ማንም የማይጽፈው ዕዳ።

አክስትሽ እንዳትቀየም የሚያደርጋት አነጋገሩ ነው። ክፍል ተከራይተሽ ከጨረስሽ በኋላ ከሰው ከሰማችው አለቀልሽ። እኔ ቀድሜ እደውልላታለሁ፤ "ጥናቱ እያመሸ ነው፣ በዚህ ዝናብ በሌሊት አባዶ ድረስ መውጣቷ ያስፈራኛል" እላታለሁ። እውነትም ነው። አንቺ ደግሞ ስትደርሺ ክፍሉን አብራሽ እንድታይ ለምኛት። ራሷ አይታ ያጸደቀችውን ክፍል "ሆቴል ገባች" ብላ አታማም፤ በዋጋ ክርክርም ከእኔና ከአንቺ ትበልጣለች። ከዚያ በኋላ ቅዳሜን እሷ ዘንድ አድርጊው፤ ዓርብ ማታ ገብተሽ እሑድ መመለስ።

ክፍሉን የምትፈልጊው ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ዳገትና በግራ ቀኙ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው አምስት ኪሎን ነው። ብሔራዊ ሙዚየም እዚያው ነው፣ የግቢው በር በእግር ነው፣ ተማሪ ስለሚበዛበትም ርካሽ ምግብና ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። ቀጥሎ ቀበናና የምኒልክ ሆስፒታል ወገን፤ ጸጥ ያለ የኗሪ ሰፈር ነው፣ ግን ወንዝ ዳር የወረደውን ግቢ ተዪው። ጎርፍ ባይገባ እርጥበቱ መጽሐፍሽን ያሻግተዋል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ርካሽ ነው፤ ዳገቱና ጭቃው ግን ከደብተርሽ ጋር አይስማማም። ሽሮ ሜዳ ለጥበብ ልብስ ሂጂበት፣ ለማደር ግን ገበያ ነው። አራት ኪሎ ራሱ ይመቻል፤ ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው እዚያ ስለሆኑ እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋል እንጂ። አንቺ በእግርሽ ስለምትሄጂ እሱ የሾፌር ጭንቀት ነው፤ አትጨነቂበት።

በአንድ ነገር ግን ፈጠን በይ። ክረምት ሲገባ የክረምት ትምህርት የሚማሩ መምህራን ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣሉ፤ የየካቲት 12ና የምኒልክ ሆስፒታል አስታማሚዎችም ክፍል የሚፈልጉት እዚያው ዙሪያ ነው። ሰኔ ሳያልቅ ያልያዘ ሰው ሐምሌ ላይ የተረፈውን ነው የሚይዘው።

ክፍሉን ሁለት ጊዜ እዪው፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመግሪብ በኋላ። በቀን የምታዪው ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ ውሃውን ነው። ከቧንቧው ሌላ ታንከር እንዳለ ጠይቂ፤ አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አድርገሽ ከጀርባው ሻጋታ እንዳለ እዪ። ማታ የምታዪው ደግሞ መንገዱን ነው፤ ከዋናው አስፋልት እስከ በሩ ያለውን። አጠገቡ መጠጥ ቤት ካለ ይቅር። መኪና መብራቱን እያጠፋ ገብቶ ሳያድር የሚወጣበት ፔንሲዮንም አለ፤ አባት ከዚህ በላይ አይናገርም፣ ገብቶሻል። መታወቂያ ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሰጥ ቤት ለሌላውም እንዲሁ ነው የሚሰጠው። ዋጋውን በቀን አትነጋገሪ፤ በሳምንት ወይም በወር በይው። ደላላው ኮሚሽኑን ከማን እንደሚቀበልም አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ከአንቺም ከባለቤቱም ሊወስድ ይፈልጋል።

ስለ ምግብ እናትሽ ተጨንቃለች። ምንም አይደለም። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ያኔ አራት ኪሎ ያለው ምግብ ቤት ብዙው ሽሮና በየዓይነቱ ነው የሚያቀርበው፣ ሥጋ ስለሌለበት ለአንቺም ይመቻል። ሥጋ ሲያምርሽ መርካቶ ታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ የሙስሊም ምግብ ቤት ሞልቷል። ጁምዓ መስገድ ካሰብሽ ፒያሳ ያለው ኑር መስጊድ፣ ሰው በኒን የሚለው፣ ይቀርብሻል።

ከመነሣትሽ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ሾፌሮች አጣሪ፤ ከዜና ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ከዚያ ደብረ ብርሃን ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ እኔም አክስትሽን መንገድ ላይ እንድትወጣ እነግራታለሁ። ገንዘቡን በሁለት ቦታ ያዢ። መገናኛ ላይ ስልክሽን አውጥተሽ አትቁሚ። ለክፍሉ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት አክስትሽን ስልኩ ላይ አቅርቢልኝ፤ እሷ "ይሁን" ካለች የመጀመሪያውን ወር እኔ እልካለሁ።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ