ሦስተኛው ገጽ



ባለፈው ዓመት እዚህ ዲላ አንድ አሮጌ ቤት ገዛን። ከሃያ ዓመት በላይ በኪራይና በቤተ ክርስቲያን ቤት ኖረን፣ ልጆቻችን ራሳቸውን ሲችሉ፣ ሁለታችን ባልና ሚስት ያጠራቀምናትን ይዘን የራሳችንን ጣሪያ ፈለግን። ያገኘነው ቤት የጭቃ ነው፤ መሠረቱ ድንጋይ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ጓሮው እንሰትና ቡና። ባለቤቷ ባላቸው የሞቱባቸው አረጋዊት እናት ናቸው፤ ወደ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነበር።

ደላላው “ፓስተር፣ ይሄ ቤት አለት ላይ ነው የቆመው” አለን። ስለ አለትና ስለ አሸዋ ብዙ ጊዜ ስለሰበክን ነው መሰለኝ፣ ለማመን ቸኮልን። ደግነቱ በጉባኤያችን ያደገ አንድ ወጣት መሐንዲስ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ደረሰልን። “ልይላችሁና በጽሑፍ ልስጣችሁ” አለ። ግማሽ ቀን በመዶሻ ሲያንኳኳ፣ ጣሪያ ላይ ሲወጣ፣ መሠረቱን ሲቆፍር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ገጽ ወረቀት አመጣልን፤ 19 ነጥቦች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ስንጥቅ፣ እርጥበት፣ ምስጥ፣ ዝገት። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል ስለተጻፈ ሁሉም እኩል መሰለን። የበሩ መንቀል ከመሠረቱ መስመጥ ጋር አንድ መስመር ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ ልጁን ጠርተን “ተወው ማለትህ ነው?” አልነው። ሳቀና ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ አስተማረን፦ ጉዳቱ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው? ምንጩ ምንድን ነው? ለማስተካከል ስንት ይፈጃል፣ ቢተውስ ምን ያመጣል?

በዚህ ዓይን ስናየው ወረቀቱ ሌላ ሆነ። ልስኑ ላይ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ጭቃ ሲደርቅ የሚኮማተርባቸው ናቸው፤ ቀለም ይሸፍናቸዋል። የኋላው ግድግዳ እርጥበት የግድግዳው በሽታ አልነበረም። አሸንዳ ስለሌለ የጣሪያው ውኃ መሠረቱ ሥር ይወርዳል፤ እንሰቱም ግድግዳውን ተጠግቶ ስለተተከለ አፈሩ አይደርቅም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 መባቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አብሮ በሚያኖር ጥበቡ ነው፤ መሐንዲሱ ግን “ከግድግዳ ጋር አብሮ ማኖር አይደለም” አለን። ውኃው መንገድ ሳይለወጥ ልስኑን ማደስ መደበቅ ብቻ ነው። ምስጡ የአንዱን ቋሚ ውስጡን በልቶታል፤ ሲያንኳኩት ባዶ ይጮኻል፤ እሱ መለወጥ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበው ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄደው ስንጥቅ ነበር። እንዲህ ያለው መሠረት ሲሰምጥ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ልጁ በስንጥቁ ላይ በሁለት ቦታ ጄሶ ለጥፎ ቀኑን ጻፈበት፤ የካቲት ነበር። “የበልጉ ዝናብ ይለፍ፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ያረጀ ቁስል ነው” አለን።

መጠበቁ በሌላም ምክንያት ግድ ነበር። ካርታው አሁንም በሟቹ ስም ስለነበር እናታችን የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነበረባቸው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በመተማመን ብቻ ተዋውለው በኋላ የሚካሰሱ ስንት ወንድሞችን አስታርቀናል! መሬቱም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምንገዛው ቤቱን ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ስለደነገገ፣ ይህንንም ማዘጋጃ ቤት ሄደን ጠየቅን።

በዚያ ወራት ነው ዘሌዋውያን 14ን እንደ አዲስ ያነበብነው። በኮሌጅ ሳለን በፍጥነት የምናልፈው ክፍል ነበር። በግድግዳው ላይ ደዌ የታየበት ሰው ካህኑን ይጠራል። ካህኑ ወዲያው አያፈርስም፤ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል። ተመልሶ ያያል፤ ደዌው ከሰፋ የታመሙትን ድንጋዮች ያስወጣል፣ ያስፍቃል፣ እንደገና ያስለስናል። ቤቱ የሚፈርሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ ደዌው ሲመለስ ነው። ጄሶውን ያየን ያህል ተሰማን። እግዚአብሔር ለአንድ የጭቃ ግድግዳ እንኳ እንዲህ ይታገሣል።

አሁን ግን የምናፍርበትን እንናገር። የካቲት ላይ ወረቀቱን ይዘን እናታችን ዘንድ ሄደን ነበር። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ገጽ፣ ጉድለቱን ሁሉ፣ አነበብንላቸው። ሦስተኛውን አላነበብንም። በሦስተኛው ገጽ ላይ የቀሩት ቋሚዎች የአበሻ ጥድ እንደሆኑ፣ ጤነኛ እንደሆኑ፣ መሠረቱም በጥሩ እጅ እንደተሠራ ተጽፏል። እሳቸው ደንግጠው “ልጆቼ፣ ቤቴ ሊወድቅ ነው እንዴ?” አሉ። “መጠበቅ ነው እማማ” ብለን ዝም አልን። ያን ቀን ከዋጋው ላይ 200 ሺህ ብር በራሳቸው አፍ ቀነሱ። እኛም ቤታችን ገብተን ጌታን አመሰገንን።

ዝናቡ አለፈ። ግንቦት ላይ ሄደን ስናይ ጄሶው አልተነካም። ደስ ሊለን ሲገባ ሁለታችንም ዝም አልን። ማታ ከጸሎት በፊት ከሁለታችን አንዱ “ሦስተኛውን ገጽ ለእማማ አነበብንላቸው?” አለ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ምሳሌ 20፥14 ላይ ዕቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ ከሄደ በኋላ ስለሚኩራራው ገዢ ተጽፏል። ያ ገዢ በእኛ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ እሑድ ደግሞ ምስባክ ላይ ይቆማል።

በማግስቱ ሄድን፤ ይቅርታ ጠይቀን ሦስተኛውን ገጽ አነበብንላቸው። እናታችን ተነስተው አንዱን ቋሚ በእጃቸው ዳሰሱና አለቀሱ። “ሦስት ወር ሙሉ ሟቹን ስወቅስ ነው የከረምኩት፤ በሚወድቅ ቤት አኖረኝ እያልኩ” አሉ። የገባን ያን ጊዜ ነው። ከእሳቸው የወሰድነው ብር ብቻ አልነበረም፤ የባላቸውንም ስም ነበር። ዋጋውን ወደ ቦታው መለስን፤ የቀነስነው ለተበላው ቋሚ፣ ለአሸንዳውና ለውኃ መውረጃው መሐንዲሱ የገመተውን 40 ሺህ ብር ብቻ ነው። ሁለት መቶው ሺህ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ግማሹን ተበድረናል፤ ዛሬም እየከፈልን ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በዘሌዋውያን 14 የካህኑ ሥራ ርኩስ ነው ማለት ብቻ አይደለም። ደዌው ካልሰፋ ንጹሕ ነው ብሎ ማወጅም የእሱ ሥራ ነው። ጉድለትን ብቻ የሚያነብ መርማሪ ግማሽ እውነት ይናገራል፤ ግማሽ እውነትም ሰው ይጎዳል። እኛ አገልጋዮች የስንቱን ወንድም ሁለት ገጽ አንብበን ሦስተኛውን አጥፈናል? የወደቀበትን ቀን ቆጥረን፣ የቆመበትን ዓመት ረስተናል?

ጌታን ገና እየፈለጋችሁ ይህን የምታነቡ ደግሞ አትፍሩ። የእግዚአብሔር ምርመራ ከመሐንዲሱ ይልቅ ጥልቅ ነው፤ ስንጥቁን በቀለም አንሸፍንበትም። ግን እርሱ ዋጋ ለማስቀነስ አይመረምርም። ጉድለታችንን ሁሉ እያወቀ ሙሉውን ዋጋ በልጁ ደም ከፍሏል። ዳዊት በመዝሙር 139 መጨረሻ ልቡን ለምርመራ የሰጠው እንዲህ ባለ አምላክ እጅ ነው።

ጄሶው ዛሬም ግድግዳችን ላይ አለ። ስናድስ ልጁ ሊፍቀው ሲል “ተወው” አልነው።

አባት ሆይ፣ በሰው ላይ የምናነበውን ወረቀት እስከ መጨረሻው የምናነብ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።