የምድር ቤታችን ነገር

ሦስት ሆነን የምንኖረው በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በተረፈ በአንድ የፒያሳ ቤት፥ ከምድር ቤቱ ነው። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ስለ ሆነ ሐምሌ ሲገባ ያልበዋል፤ መጽሐፎቻችንም ይሻግታሉ።

አከራያችን ጋሼ በሲሚንቶ አስለስነውት ነበር፤ ዳሩ ግን ሲሚንቶ እርጥበቱን በግንቡ ውስጥ ያፍነዋል እንጂ አያደርቀውም። ከሰል አቀጣጥለን በር እንዝጋ ያለም ነበረ፤ የከሰል መርዝ ሽታ የለውምና እምቢ አልን።

በመጨረሻ ውሃው ከላይኛው ግቢ እንደሚመጣ ስላየን ከግንቡ በስተላይ ቦይ ቆፈርን፤ ሲሚንቶውንም ፍቀን በኖራ ለሰንነው፤ ኖራ ግንቡን ያስተነፍሰዋልና። እንዲህም ሆኖ ለመድረቅ ወራት ፈጅቷል።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ምድር ቤት ከተከራያችሁ ከመወልወያ በፊት አካፋ አንሡ። የእኛ ሥጋት አሁን አንድ ነው፤ ቤቱ ደረቀ ተብሎ ኪራይ እንዳይጨመርብን።